እማዬ፣ ብርድ አይደለም

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ደሴ ገና አልነጋችም። አዛን ይሰማል፤ ትንሽ ቆይቶ የቅዳሴው ድምፅ ይከተላል። እኔ ከነቃሁ ቆይቻለሁ።

ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ከብርድ ልብሱ ሳልወጣ ጣቶቼን ለማጠፍ እሞክራለሁ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ዛሬ ቀኙ ግማሽ ድረስ ሄደልኝ። ግራው እምቢ አለ። ጣቶቼ ሌሊቱን ሙሉ ሊጥ ሲሞላባቸው ያደረ ይመስላሉ። ያበጡ፣ የከበዱ፣ የእኔ ያልሆኑ። ቡጢ ስንጨብጥ ጎላ ጎላ ብለው የሚታዩት አንጓዎች ሲነኳቸው ይሞቃሉ።

አልጋዬ አጠገብ ፔርሙዝ አለ። ማታ ሙቅ ውሃ ሞልቼ አስቀምጠዋለሁ። ክዳኑን ባለቤቴ ከመተኛቱ በፊት ያላላልኛል፤ ጠዋት ልከፍተው አልችልም። በሁለት ክንዴ አቅፌ ወደ ሳፋው አዘነብለውና እጄን እነክራለሁ። እንዲህ ሆኜ በጨለማ እቀመጣለሁ። በደህናው ቀን 40 ደቂቃ ይበቃኛል። በሽታው በተነሳብኝ ሰሞን ግን ረፋድ ላይም የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል።

ሰው ይህን አያይም። ሰው የሚያየኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ታገኙኛላችሁ፤ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ እየሳቅሁ። «ደህና ነሽ እኮ!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በዚያ ሰዓት ደህና ነኝ። ጠዋቴን ግን ማንም ስላላየው ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

38 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። በሽታዬ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። ከያዘኝ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው።

የጀመረኝ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ልጄ የተወለደው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነበር። የደሴን ነሐሴ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ ይቆማል። ልብስ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ አይደርቅም። ያረሰችኝ እናቴ ናት። ከሐይቅ ከተማ መጥታ ገንፎውንም አጥሚቱንም ስታገንፋ ከረመች። መስኮቱን በጨርቅ ወትፋ፣ በሩ ሥር አሮጌ ጋቢ አጥፋ፣ አንዲት የንፋስ ሽውታ እንዳትነካኝ ስትጠብቀኝ ነበር።

ጥር ላይ የእግሬ ጣቶች ሥር ጀመረኝ። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ስረግጥ ጠጠር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ቀጥሎ የእጆቼ ጣቶች። ቀኙ ሲያብጥ ግራውም እኩል ያብጣል። ቀጥሎ የእጄ አንጓ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ። ልጄን በእጄ ከአልጋው ማንሳት ስላቃተኝ በክርኔ አቅፌ ነበር የማነሳው። የዳይፐሩን ላስቲክ በጥርሴ የከፈትኩበት ቀን አለ።

ጎረቤቱም ዘመዱም አንድ ቃል ነበር የሚናገረው። «የአራስ ብርድ ነው።» ቶሎ ተነስተሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነክተሽ ነው፣ ራስሽን ሳትሸፍኚ ወጥተሽ ነው። እናቴ ግን ይህ ሲባል ዝም ትል ነበር። ለምን ዝም እንደምትል ያኔ አልገባኝም።

ምን ያልሞከርኩት አለ? ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ። ቅቤ በጤና አዳም ታሸሁ። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ ያበጠውን አንጓዬን ጎትቶ ሲያሸው የጮህኩትን ጩኸት ዛሬም አልረሳውም። እብጠቱ በእጥፍ ጨመረ። እባካችሁ፣ የሚሞቅና ያበጠ መገጣጠሚያ አታሳሹ። ጠበልም ተጠምቄያለሁ። እሱን አልቆጭበትም፤ አሁንም እሄዳለሁ። የንስሐ አባቴ «መድኃኒቱን የሰጠንም እሱ ነው፣ ሁለቱንም ያዥ» ብለውኛል።

ሕክምናውም ቢሆን ቶሎ አላገኘውም። በመጀመሪያ ታይፎይድ ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ አልተሻለኝም። ቀጥሎ «ሩማቲክ ነው» ተባልኩና በየወሩ ፔኒሲሊን ተወጋሁ። ይህን ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። የቶንሲል ሕመም ተከትሎ የሚመጣውና ልብ የሚያጠቃው ሩማቲክ ሌላ በሽታ ነው። ፔኒሲሊን ለእሱ ነው የሚሰጠው። ስሙ ስለተመሳሰለ የእኔ በሽታ በፔኒሲሊን አይድንም። «ሪህ» የምንለው ነገርም እንዲሁ ነው። የእግርን አውራ ጣት በአንድ ሌሊት አሳብጦ የሚያቃጥለውንም፣ የእርጅናውን ጉልበትም፣ የእኔንም በአንድ ስም «ሪህ» ብለን እንጠራዋለን። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ከሁሉ የገረመኝ አንድ መርፌ ነው። አንድ ቦታ ሄጄ ስሙን ሳይነግሩኝ ወጉኝ። በነጋታው ጠዋት ተነሳሁና ቡጢዬን ጨበጥኩ። ሙሉ ቡጢ። አልቅሻለሁ። በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ወርጄ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ ራሴ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። አሥረኛው ቀን ላይ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ፤ ከበፊቱ ብሶ። በኋላ እንደተረዳሁት የስቴሮይድ መርፌ ነበር። እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 በአሜሪካ ኮርቲዞን የሚባለው ስቴሮይድ ለዚህ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ለአንዲት ሴት ነው። መንቀሳቀስ ያቅታት የነበረች ሴት በሳምንቷ በእግሯ ገበያ ወጣች። ተመራማሪዎቹ በ1950 ኖቤል ተሸለሙበት። ይህን ሳነብ ሰኞ ገበያን አስታወስኩ። ቀጥሎ ያለው ታሪክም ያው ነው። መድኃኒቱ ያስታግሳል፣ ብዙ ሲወስዱት ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ ፊት ያሳብጣል። ሲያቆሙትም በድንገት አይቆምም፤ በሐኪም እየተቀነሰ ነው። ዛሬም በሽታው ሲነሳብኝ በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ እወስደዋለሁ። ስሙን ሳይነግሩኝ ግን ዳግም አልወጋም።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ገጠመኝ። ወረቀቶቼን ወደ ጎን ገፋ አደረጋቸውና «እጅሽን ስጪኝ» አለኝ። የጣቶቼን ሥር ከዳርና ከዳር ይዞ ቀስ ብሎ ጨመቀው። ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጠዋት እስኪፍታታልሽ ስንት ሰዓት ይወስድብሻል?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጠዋቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ሁለት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል» አልኩት። ከዚያ መናገር አቃተኝ። ሶፍት አውጥቶ ሰጠኝ።

የደም ምርመራ ታዘዘልኝ። በሰውነት ውስጥ ያለውን ቁጣ የሚያሳየው ኢኤስአር የሚባለው 78 ሆኖ መጣ፤ ለእኔ ዕድሜ ከ20 ባይበልጥ ነበር ጥሩው። ይህን በሽታ የሚጠቁሙት አርኤፍና አንቲ ሲሲፒ የሚባሉትም ፖዘቲቭ ሆኑ። ሩማቶሎጂስት የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስት በአገራችን እጅግ ጥቂት ስለሆነ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን ላይ ለሻይ ሲወርዱ እኔ መነሳት አቅቶኝ ቀረሁ።

ነገሩን አዲስ አበባ ያገኘኋት ሐኪም እንዲህ አስረዳችኝ። ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ አለው። በእኔ ላይ ዘበኛው ተሳስቶ የቤቱን ባለቤት ይመታል። የሚመታው መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ እየወፈረ ይሄዳል፤ ዝም ከተባለ ከሥሩ ያለውን አጥንት ይበላል። አጥንት አንዴ ከተበላ አይመለስም። ስለዚህ ሕክምናው ሕመም ማስታገስ ብቻ አይደለም፣ ዘበኛውን ማብረድ ነው። ቶሎ መጀመር አለበት። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ይይዛል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚጀምራቸውም ብዙ ናቸው።

መድኃኒቴ ሜቶትሬክሴት ነው። ባለ 2.5 ሚሊ ግራም ስድስት ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ዓርብ ማታ እውጣለሁ፤ ቅዳሜ ያቅለሸልሸኛል፣ ትምህርት ስለሌለ እተኛለሁ። እሑድ የመድኃኒቱን ጉዳት የሚያለዝበውን ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ። በየሁለትና ሦስት ወሩ ጉበቴና ደሜ ይታያል። ጠላም አረቄም አልቀምስም፤ ለጉበት ስለማይሆን። ማኅበር ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። እርግዝናም ከዚህ መድኃኒት ጋር አይታሰብም። ሦስተኛ ልጅ እመኝ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። አንድ ጊዜ መድኃኒቱን ዘወትር ከማልገዛበት ፋርማሲ ገዛሁ። ሰውዬው ወረፋ በዝቶበት ነበር። ትንሿ የመድኃኒት ፖስታ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «6 ፍሬ በቀን አንዴ» ብሎ ጻፈ። እኔ አውቀዋለሁና አልተሳሳትኩም። ግን ማታ ፖስታውን መብራት ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። እናቴ ብትሆንስ? ማንበብ ብቻ የምትችል፣ የተጻፈውን የምታምን አንዲት ሴት ብትሆንስ? ይህ መድኃኒት በየቀኑ ከተወሰደ ደም የሚሠራውን መቅኔ ያደርቃል። አፍ ይቆስላል፣ ሰው ይሞታል። በነጋታው ተመልሼ አሳየሁት። ደነገጠ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። እናንተም ይህን መድኃኒት ለዚህ በሽታ የሚወስድ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ፖስታውን እዩለት። «በሳምንት» ነው መባል ያለበት። እኔ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ዓርብ ዓርቡን በቀይ ከብቤዋለሁ።

ይኸው መድኃኒት በብዙ መጠን ለካንሰርም ስለሚሰጥ ሰፈር ውስጥ ወሬ ተነስቶ ነበር። «ካንሰር ይዟታል፣ ደብቃ ነው» ተባለ። አንዲት ወዳጄ ልትሰናበተኝ የመጣች ይመስል አልቅሳ ገባች። ተቀምጠን ሁሉንም አስረዳኋት። ስትወጣ ቀለል ብሏት ነበር።

ከመድኃኒቱ ጎን ሁሉም የሚመክረኝ ነገር ቆላ መውረድ ነበር። «ደሴ ናት የገደለችሽ፣ ኮምቦልቻ ውረጂ።» እህቴ ኮምቦልቻ ስለምትኖር አንድ ክረምት ልጆቼን ይዤ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትጨርሱ ሙቀቱ በመስኮት ይቀበላችኋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እውነቱን ልናገር፣ ሙቀቱ ደስ ይላል። ሰውነት ይላላል፣ ጠዋቱም ትንሽ ይቀላል። በአሥራ አራተኛው ቀን ግን በላብ ተጠምቄ ቁጭ ባልኩበት የቀኝ አንጓዬ አበጠ። ቀልቶ፣ ግሎ፣ ማንኪያ አላስይዝ አለኝ። ብርድ የለም። ንፋስ የለም። ቀዝቃዛ ውሃም አልነካሁም። የቀረው ነገር ሁለት ዓርብ ያመለጠኝ መድኃኒት ነበር፤ ለሽርሽር ስነሳ ደሴ ረስቼው ነው የሄድኩት። ያን ቀን ለራሴ አረጋገጥኩ። ብርድ ያባብስብኛል፣ ያቆራምደኛል። በሽታውን ያመጣው ግን ብርድ አይደለም።

ሥራ ቦታ ያለው ነገር ሌላ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ጠመኔ መያዝ አልችልም። የከሰዓት ፈረቃ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። አንድ ኃላፊ አየኝና «ትናንት ከሰዓት ፒያሳ አይቼሻለሁ፣ ምንም አልሆንሽም እኮ። ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያም ምን ዓይነት በሽታ ነው?» አለኝ። ሰው ፊት ነበር። መልስ አጣሁ። በሐኪም ማስረጃ ብሄድም ወራት ፈጀ። በእነዚያ ወራት «ሰነፍ» የሚለውን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድካሙንስ እንዴት ይረዱልኝ? ይህ በሽታ እንቅልፍ የማይመልሰው ድካም አለው። ሰውነቴ ከውስጥ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ይዝላል። ስምንት ሰዓት ተኝቼ ተነስቼ ጫማዬን ለማሰር አቅም የማጣበት ቀን አለ።

መጨረሻ ላይ ያዳነችኝ አንዲት ባልደረባዬ ናት። ሕፃን ልጅ ስለነበራት ከሰዓት ቤቷ መሆን ፈለገች። ፈረቃ ተቀያየርን። ያ ለእኔ እንደ መድኃኒቱ ነው የቆጠርኩት።

አሁን ክፍል ስገባ ጠመኔዬን በስፖንጅ ቁራጭ ጠቅልዬ በላስቲክ አስሬ ነው የምይዘው። ወፍራም ነገር መያዝ ይቀለኛል። እስክርቢቶዬም፣ ማንኪያዬም እንደዚያው ነው። «ሀ»ን ስጽፍ እጄን ሳይሆን ትከሻዬን ነው የማንቀሳቅሰው። ስለዚህ የእኔ ፊደል ትልልቅ ነው። ልጆቹም ትልልቅ አድርገው ይጽፋሉ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። ጠመኔ ከእጄ ሲወድቅ ሳልጠይቀው ብድግ ይላል፣ ያነሳል፣ መዳፌ ላይ ያስቀምጥልኛል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። አንድም ቀን «ቲቸር ምን ሆነሽ ነው?» ብሎኝ አያውቅም።

ስለ 2014 ዓ.ም. በአጭሩ ልናገር። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሰው በእግሩ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ይጎርፍ ነበር። እኔ መሄድ አልቻልኩም። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ እንዲወጣ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ቤት ዘግተን ቆየን። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ፋርማሲ የለም። ስድስቱን ፍሬ ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ዝቅ አደረግኩት። ከዚያ አለቀ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒኔን በምላጭ እየከፈልኩ ከቀን ቀን አሻገርኩት፣ በድንገት ላለማቋረጥ። ከተማው በኅዳር መጨረሻ ተረጋግቶ መድኃኒት እስኪገኝ ሌላ ጊዜ ፈጀ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ያኔ ወደ ውጭ ጠመመች። አልተመለሰችም።

ሰላምታ ላይም ተለውጫለሁ። የእኛ ሰው እጅ ሲጨብጥ ከልቡ ነው የሚጨብጠው። እኔ እጁ የራሰ ሰው እንደሚያደርገው ክንዴን ነው የምሰጠው። ምግብ ስትበላ ደርሰንባት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። አንጓዬንም አልሰጥም፣ እሱም ያመኛል። ከአንጓ ከፍ ያለውን ነው የምሰጠው። ያወቁኝ ሰዎች ትከሻዬን በትከሻቸው ነካ አድርገው ያልፋሉ። ደስ ይለኛል።

ከጎረቤቶቼ ይበልጥ የተረዱኝ ሐጂያ ናቸው። እንደ እናቴ ናቸው። እሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። የእሳቸው በዕድሜ የመጣ የጉልበት ማለቅ ነው። ብዙ በሄዱ ቁጥር ያማቸዋል፣ ሲያርፉ ይሻላቸዋል። የእኔ ተቃራኒው ነው፤ ሳርፍ ይቆራመደኛል፣ ስንቀሳቀስ ይፍታታል። ይህን ስነግራቸው ገብቷቸው «እንግዲያ አንች ጠዋት፣ እኔ ማታ። ተራ ተራችንን ነው» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። ቡናው ደርሶ ጀበናውን አነሳሁ። ጀበና ሲቀዳ አንጓ መታጠፍ አለበት። ሲኒዎቹ ላይ ደርሼ አንጓዬ ከዳኝ፤ ጀበናው ተንቀጠቀጠ፣ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ወሎ ውስጥ ቡና መቅዳት ያቃታት ሴት መሆን ምን እንደሚሰማ መጻፍ ይከብደኛል። አንገቴን ደፋሁ። ሐጂያ ምንም እንዳልሆነ ልጄን ጠሩ። «ነይ እስኪ እሜቴ፣ ዛሬ ካንች እጅ እንጠጣ።» 12 ዓመቷ ነው። መጣች፣ ጀበናውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ቀስ ብላ ከፍ አድርጋ ቀዳች። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ሐጂያ አቦሉን ቀምሰው መረቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አብሽሪ» አሉኝ። ቶናውም በረካውም ከልጄ እጅ ተጠጣ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የምትቀዳው እሷ ናት።

እናቴ ጠዋቴን ያየችው ዘንድሮ ነው። ስትመጣ ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ደርሳ ማታ ትመለስ ነበር። ሐይቅ ቅርብ ነው። በሐምሌ ግን ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛትና አደረች። እኔ እንዳልቀሰቅሳት ቀስ ብዬ ፔርሙዙን አቅፌ ሳዘነብል ውሃው ፈሰሰ። ተነሳች። መብራቱን አበራች። እጄን አየችው።

ምንም አልተናገረችም። ፔርሙዙን ተቀበለችኝ፣ ውሃውን አስተካክላ ቀዳችው፣ እጄን እንደ ሕፃን እጅ ይዛ ነከረችው። ፊቴንም አጠበችልኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለች። «በአራስነትሽ ጥዬሽ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ለካ ይህን ነበር ስምንት ዓመት ይዛ የኖረችው። ልጄን በወለድኩ በ12ኛው ቀን ሐይቅ የአክስቷ ልጅ አርፎ ለቀብር ሄደች። ሁለት ቀን ቆየች። ስትመለስ እኔ ደጅ ላይ ጨርቅ ሳጥብ አገኘችኝ፣ በዚያ በነሐሴ ውሃ። ሰው ሁሉ «የአራስ ብርድ ነው» ባለ ቁጥር እናቴ ዝም ያለችው ለዚህ ነው። እኔ ያን ቀን ጭራሽ አላስታውሰውም።

«እማዬ፣ ብርድ አይደለም» አልኳት። ኮምቦልቻ ላይ በላብ ውስጥ ያበጠውን አንጓዬን ነገርኳት። ስለ ዘበኛው ነገርኳት። ከወሊድ በኋላ የሚጀምራቸው ሴቶች ብዙ መሆናቸውን፣ ሞቃት አገር ያሉትም፣ ከቤት ሳይወጡ የታረሱትም እንደሚይዛቸው ነገርኳት። «ጊዜውን አልተሳሳትሽም። በአራስነቴ ማግስት ነው የመጣው። ግን አንቺ አላመጣሽውም።» ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጄን አለቀቀችውም። «ታዲያ ምንድን ነው የሚያደርግልሽ?» ስትለኝ የመድኃኒቱን ፖስታ አሳየኋት፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቀይ ክቦችም። ስድስት ፍሬ፣ በሳምንት አንዴ፣ ዓርብ ማታ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

እናቴ አሁንም ስትመጣ መስኮቱን ትዘጋለች፣ በሩ ሥር ጋቢ ታጥፋለች። አልከለክላትም። ዓርብ ዓርብ ግን ከሐይቅ ትደውላለች። ሰላምታ እንኳ አታስቀድምም።

«ስድስቱን ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ እማዬ።»

«ነገ ደግሞ እንዳትደግሚው።»